ነፋስ ለማይወዱ ሴት የተሰፋ የጀልባ ኮፍያ

ወሬው የደረሰኝ ከሰሚት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ለሶፋ ልብስ የሚሆን ዚፕ ገዝቼ፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ መስኮቱን የሁለት ጣት ያህል ከፈት አድርጌው ነበር። ስልኬ ጮኸ። ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ናት።

«የት ነሽ?»

«ታክሲ ውስጥ። ምነው፣ ደህና?»

«ግቢያችን ጀልባ ገባ!»

«የምን ጀልባ?»

«ጀልባ ነዋ! ውሃ ላይ የሚሄደው! ፓርኪንጉ ላይ ቆሟል። ጋሼ ናቸው ያመጡት። ‹ያቺ ሰፊዋ የታለች?› እያሉ አንቺን ይጠይቃሉ።»

እሷ ስልክ ስታወራ ስልክ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም፤ ታክሲው በሙሉ ሰማ። ረዳቱ አንገቱን አዙሮ «እህቴ፣ ኖኅ መጥቷል ማለት ነው። ቦታ ካለ ለእኔም ያዢልኝ» አለኝ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ «የቡልቡላን መንገድ በክረምት ላየ ሰው፣ ጀልባው ዘገየ እንጂ አልፈጠነም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ብቻ ለጀልባው ግድ አልነበራቸውም።

«የኔ ልጅ፣ መስኮቱን ዝጊው። በብርድ ልትገድይን ነው እንዴ?»

ዘጋሁት።

እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ነፋስን እንደ እንግዳ ነው የሚጠብቀው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ሲነሳ በርና መስኮት ይከፈትለታል፤ እናቴ ቀሚሷን ከአንገቷ ላላ አድርጋ «ተመስገን፣ መጣልን» ትላለች። አዲስ አበባ መጥቼ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ነፋስ ጠላት መሆኑን ነው። እዚህ ጥርሱን የታመመ ሰው ነፋስ ነው፤ አንገቱ የተያዘ ነፋስ ነው፤ ሆዱን የቆረጠው እንኳ ትንሽ ካሰበ በኋላ «የት ይሆን ነፋስ የመታኝ?» ይላል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው ነው። የፊቱን ታየዋለህ፣ የኋላው ግን ሌባ ነው ይላሉ።

በቦሌ ቡልቡላው ኮንዶሚኒየማችን የነፋስ ጠላቶች አለቃ እትዬ ናቸው፤ የጋሼ ባለቤት። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። የበራቸውን ሥር በአሮጌ ፎጣ ይደፍናሉ፤ የመስኮቱን ክፍተት በጋዜጣ ይጠቀጥቃሉ። ግንቦት ላይ እንኳ ነጠላቸውን በጆሯቸው ዙሪያ ሳይጠመጥሙ ደጅ አይወጡም። ጋሼ መኪና ሲነዱ፣ ላብ በጀርባቸው እየወረደ፣ መስኮት አይከፍቱም።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሴት ያገቡ ሰው ናቸው በነፋስ ብቻ የሚሄድ ጀልባ የገዙት።

ስደርስ ግቢው ሰርግ መስሏል። ጀልባዋ ተጎታች ጋሪ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣ ምሰሶዋ ተነቅሎ በጎኗ የተጋደመ። ጋሼ በጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከፈረንጅ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ላንጋኖ እየሄዱ በሸራ ጀልባ መሄድ ተምረው ነበር። አሁን አገር ሊለቅ የነበረ ሰው ሲሸጥ ይቺን ጀልባ አገኙ። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«መጣሽ የኔ ልጅ! ከዚህ ሁሉ ሰው የሐይቅ ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሐይቁን የማውቀው ከላይ ከተራራው ሆኜ ነው። እናቴ ውሃ ዳር አታስደርሰንም። አዞ አለ።»

«ስለ አዞ ማወቅሽም አይከፋም። ነይ ውጪ።»

በርጩማ ረግጬ ወጣሁ። ያሳዩኝ ነገር እንዲህ ነው። በጀልባዋ የኋላ ክፍል ግራና ቀኝ መቀመጫ አለ። ጋሼ ከሁሉም ኋላ ተቀምጠው አንድ ረጅም እንጨት ይይዛሉ፤ መሪው ያ ነው። ከፊት የሚመጣው ነፋስና ፍንጣቂ ውሃ ተቀማጮቹን እንዳይመታ፣ ከመቀመጫዎቹ ፊት በታጠፈ ቱቦ ላይ የሚወጠር የሸራ መከለያ ያስፈልጋል። የግማሽ ባጃጅ ጣሪያ በሉት። ከፊቱ ለማየት የሚያገለግል ጥርት ያለ ላስቲክ ይኖረዋል። ሲያሰኝ ይዘረጋል፣ ሲያሰኝ ወደ ፊት ይተኛል።

«ፈረንጆቹ ስም አላቸው፤ እኛ ኮፍያ እንበለው» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝማ። እሷ ‹እወጣለሁ፣ ግን ነፋስ እንዳይነካኝ› ብላለች። ከነካት አትወጣም። ካልወጣች ደግሞ እሸጠዋለሁ፤ ፈላጊ አለው።»

«ምን ያሸጥዎታል? እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱስ?»

«ብቻዬንማ ኖሬያለሁ። እኔ የማታ ፈረቃ፣ እሷ የቀን ሥራ፤ በር ላይ ስንተላለፍ ነው ልጆች ያሳደግነው። አሁን ደግሞ ብቻዬን ሐይቅ ላይ ልንሳፈፍ?»

ከዚህ በኋላ ኮፍያው ተራ ስፌት አልሆነልኝም።

የዚያኑ ዕለት እናቴ ደወለች። ለእናቴ ነገር መደበቅ ስለማልችል ነገርኳት።

«ጀልባ? ልጄ፣ በጌታ ስም! እንዳትወጪ!»

«እማ፣ ጀልባው እኮ ፓርኪንግ ላይ ነው። ቦሌ ነው ያለሁት። ውሃ እንኳ በቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣው።»

«ቢሆንም። አዞ ሰው የሚይዘው ‹የለም› ሲሉት ነው።»

ቱቦዎቹን የባጃጅ ጣሪያ የሚሠራ ጋራዥ አጠፈልን። እኔ ደግሞ ልክ ለመውሰድ ሰፊ ላስቲክ በቱቦዎቹ ላይ ዘርግቼ፣ በእጄ እየዳሰስኩ፣ እጥፋቱን ሁሉ በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ሣልኩት። ከዚያ ጠንካራ አረንጓዴ ሸራ ግቢው ንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ ላስቲኩን አስተኛሁበትና በጠመኔ ገለበጥኩት። ሸራ ከተቆረጠ በኋላ ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ መቀስ ከማንሳቴ በፊት እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ ጀመርኩ። እትዬ በረንዳቸው ላይ ሆነው፣ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ገለጥ አድርገው፣ ጠበቁ ጠበቁና፣

«እናንተ ጴንጤዎች ጸሎታችሁ እስኪያልቅ መቀሱ ይዝጋል» አሉ።

«አሜን» አልኩና ቆረጥኩ።

ኮፍያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በለካንበት ቀን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ኮፍያው በቱቦዎቹ ላይ ሲወጠር እንደ ከበሮ ጠንክሮ ቆመ። ጋሼ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ነው!» አሉ። ከጎረቤት ግቢ የመጡ አንዲት እናት ሸራ ተተክሎ፣ ሰውም ከቦት ሲያዩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጨማድደው ተጠጉ። «ምነው፣ ማን አረፈ?» ብለው ሲጠይቁ ሳቃችንን አፈንን። «ማንም አላረፈ፤ ጋሼ ሊዝናኑ ነው» አልናቸው። «እሰይ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለለቅሶ መጥተው ትርኢት ለማየት ቆሙ።

እትዬ በርጩማው ላይ ወጡ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ።

«ገባ» አሉ።

«ምኑ?»

«ነፋሱ ነዋ! በዚህ፣ በጎኔ።»

ይሄን ጊዜ ነው ምክር የዘነበው። አንዷ «እውነታቸውን ነው፣ ጎኑ ክፍት ነው፤ የጎን ነፋስ ኩላሊት ነው የሚይዘው» አለች። ሌላዋ «የእኔ አክስት እንዲህ ባለ ቀዳዳ ነው አፏ የተጣመመው» ብላ ጣቷን በክፍተቱ አሳለፈች። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰው በመስኮት፣ መስኮቱን በግማሽ ብቻ ከፍቶ፣ «ከታችም ይገባል!» ብሎ ጮኸ። እኔ በሙሉ ቅንነት እየዞርኩ ማስታወሻ ያዝኩ። ከነፋስ ጋር ያደግኩ ሰው ስለ ነፋስ ምን ክርክር አለኝ? በሰው አገር የሰውን ጠላት ጠላቴ ማድረግ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ነፋሱ በየት በየት እንደሚገባ በእርግጥ አለመታወቁ ነው። መላውን የዘየዱት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ከቤት ጧፍ አመጡ፤ ለኩሰው ኮፍያው ሥር ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ሸራዬን እንዳያቃጥሉብኝ!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጠመኔሽን ያዢ።»

ከሰዓት በኋላ የቡልቡላ ሜዳ ነፋስ ሲነሳ ጧፏ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ እኔ በቀኝ በኩል በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ወደ ፊት ትዘነብላለች፤ ከኋላ እሄዳለሁ። አውሮፕላን በራሳችን ላይ ዝቅ ብሎ ወደ ማረፊያው ሲያልፍ ወሬያችንን እናቋርጣለን፤ ጧፏ ትርገፈገፋለች፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ለየክፍተቱ መሸፈኛ ሰፋሁ። ለጎኑ በዚፕ የሚዘጋ ግድግዳ። ለታቹ በቁልፍ የሚያያዝ ጠርዝ። በመጨረሻም ያንን የኋላውን ሌባ ነፋስ ለመያዝ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የኋላ መጋረጃ፣ ዚፕ ያለው።

በመጨረሻው ቀን እትዬ ገቡ። ዚፑን ዘጋሁባቸው። በላስቲኩ መስኮት የጧፏ ነበልባል ይታየናል። ቆመ። እንደ ሥዕል ቀጥ ብሎ ቆመ። ነፋሱ የግቢውን አቧራ እያዞረ፣ የተሰጡ ልብሶችን እያራገበ ነበር፤ ውስጥ ግን ነበልባሉ ውልፍት አላለም። አንዲት ሴት እልልታውን ለቀቀችው። ጎረቤቴ ትከሻዬን እየመታች «እጅሽን ይባርከው!» አለችኝ። ጆሮዬን ከሸራው ሳስጠጋ፣ ከውስጥ የእትዬ ድምፅ ታፍኖ «ተመስገን፣ ተመስገን» ሲል ተሰማ።

ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ሲበዛ ግን እፈራለሁ። ምስጋናው ሞቅ ሲል ዘወር ብዬ ጋሼን አየሁ።

ከኋላ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠዋል። መሪውን እንጨት ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው የሰፋሁት መጋረጃ ነው፤ እሱን እንደ ግድግዳ ያዩታል።

«ጋሼ፣ ይታይዎታል?»

«ምኑ?»

«የፊት ለፊቱ።»

«የሚታየኝ ያንቺ ስፌት ነው። ቆንጆ ስፌት ነው።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚነዱት?»

«ዝም በይ፣ ደስ ብሏታል» አሉኝ በሹክሹክታ። «በግምት እነዳለሁ።»

«ሐይቅ ላይ በግምት?»

«ምን ይገጨኛል? ጉማሬ ካልሆነ።»

ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከመጋረጃው አልተነሳም። ያን ጊዜ የሠራሁት ሥራ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ለማግኘት ብለው ያሰፉት ኮፍያ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ሰው በዚፕ ቆለፍኩባቸው። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። እትዬ ይሳፈራሉ፤ ጀልባዋም አትሸጥም። ነገር ግን ዓይኔ እያየ ይሄን «ሥራዬ አምሯል» ብዬ ማስረከብ፣ ባልተናገርኩት ቃል መዋሸት መሰለኝ። እንደ ቤት በር ሸራውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ አንዴ ይክፈቱልኝ።»

ዚፑ ከውስጥ እየተንቀራፈፈ ወረደ። መጀመሪያ የወጣው ሙቀት ነው፤ ከዚያ የአዲስ ሸራ ሽታ፣ ከዚያ የእትዬ ፊት። ወዝቷል። ነጠላቸው ከጆሯቸው ወርዷል። የላስቲኩ መስኮት በትንፋሻቸው ደብዝዞ የሻወር ቤት መስታወት መስሏል። እኔን አልፈው ባለቤታቸውን አዩ።

«ምነው ስጠራህ ዝም አልከኝ?»

«መቼ ጠራሽኝ?»

«ስንቴ! ‹እንዴት ነው፣ ደስ አለህ?› እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ!»

«እኔ እኮ አልሰማሁሽም።»

እትዬ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መጋረጃውን አዩት። ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደ ውጭ አዩ።

«ይሄማ ቤታችን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ መኝታ ቤት ዘግቼ፣ አንተ ሳሎን ዜና ከፍተህ። ይሄን ይሄን ለማየት ላንጋኖ ድረስ ምን ያስኬደናል?»

ሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ መሪውን እንጨት አጥብቀው እንደያዙ ሚስታቸውን ይጠብቃሉ። ሊሸጡት ነው ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲያስ አውልቂው» አሉኝ እትዬ፣ መጋረጃውን በሁለት ጣታቸው እያራገቡ። «የኋላውን። የጎኑንም ጠቅልዪው፤ ስፈልግ አወርደዋለሁ።»

«እንዴ እትዬ! የኋላው ነፋስስ?» አለች ያቺ የአክስቷን አፍ ነፋስ ያጣመመባት።

ይሄን ጊዜ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ኧረ ወዲያ!» አሉ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ባለቤታቸውን ከእግር እስከ ራስ መዘኗቸው። ጋሼ እንደ ጥድ ቀጭን ናቸው።

«አንተ? በየትኛው ወርድህ?»

«ካፖርት እደርባለሁ።»

መተርተር አልወድም። ስፌትን መተርተር የተናገሩትን ቃል መልሶ እንደመዋጥ ነው፤ ያንቃል። ምላጬን ይዤ ዓይኔን ስጨፍን እትዬ አዩኝ።

«ለመተርተርም ይጸለያል?»

«ለመተርተር ይበልጣል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለእኔም ጨምሪበት።»

የኋላውን መጋረጃ አወጣሁት። የጎኖቹን ግድግዳዎች ወደ ላይ የሚጠቀለሉ አደረግኋቸው፤ በሸራ ጥብጣብ ይታሰራሉ። እንደገና ስንለካው ጋሼ እትዬን በሌላ አቅጣጫ አስቀመጧቸው። ጀርባቸውን ለኮፍያው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ እሳቸው አዙረው። ከፊት የሚመጣው ነፋስ ኮፍያውን መትቶ በራሳቸው ላይ ያልፋል። ጋሼ ደግሞ ከሚስታቸው ራስ በላይ በላስቲኩ መስኮት አሻግረው፣ በሐሳባቸው ሐይቁን፣ በዓይናቸው የጎረቤቱን የቆመ ሚኒባስ አዩ። እንደ ልማዱ ጧፍ ተለኮሰ። ነበልባሉ ለአፍታ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ትከሻ ዘነበለ።

«ዘነበለ! ዘነበለ!» አለ ከሦስተኛ ፎቅ ያ ሰውዬ።

እትዬ «እፍ» አሉና አጠፉት።

«አንተ ራስህ መስኮትህን ዝጋ» አሉት። «ጧፍ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል?»

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ገና ጠዋት፣ ጀልባዋን በመኪና እየጎተቱ ወጡ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ነበረኝ። ባይኖረኝም የእናቴን ቃል አልሽርም። መንገዱ ጥግ እስኪታጠፉ ቆሜ አየኋቸው፤ የመኪናው መስኮት፣ በጋሼ በኩል፣ የሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል። እሑድ አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ጋሼ ጀልባዋን ሳያቆሙ ነው ለዚያ ፈላጊ «አይሸጥም» ብለው የደወሉት። ሮጬ ሄጄ እንዴት ነበር አልኩ።

«ስትስቅ ዋለች» አሉ ጋሼ። «ሳቋ ዳር ድረስ ተሰምቶ ሰው ይዞር ነበር።»

«ማን? እኔ?» አሉ እትዬ። «እሱን አትስሚው። ዳዊቴን ስደግም ነው የዋልኩት።»

«ዳዊት እየደገሙ ይሳቃል?» አሉ ጋሼ።

«አንተ ካፖርትህን ውሃ ውስጥ ስትጥልስ ምን ላድርግ?»

የእትዬ አፍንጫ በፀሐይ ተልጧል። ኮፍያውን መርምሬ ስጨርስ ከውስጥ በኩል ለመነጽራቸው የምትሆን ኪስ እንድሰፋላቸው አዘዙኝ፤ «ለሚቀጥለው» አሉ። ነፋስስ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው ራሱ ያላነሳውን አላነሳም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጋሼ እጃቸው መሪው ላይ ነበር፤ እትዬም አንድ እጃቸው በጀልባው ጠርዝ፣ ሌላው በነጠላቸው ላይ ነበር፤ ስለዚህ አንድም ፎቶ አላነሱም። እኔም ኮፍያዬን ውሃ ላይ አይቼው አላውቅም፤ ያየሁት ፓርኪንግ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ላንጋኖ ዳር የነበራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ስልካችሁን አንዴ ፈትሹልኝ። ከልጆቻችሁ ጀርባ፣ ወይም ከተጠበሰው ዓሣ ባሻገር፣ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገች ትንሽ ነጭ ጀልባ ካለች አስፉና እዩልኝ። የጎኑ ሸራ ተጠቅልሎ ነበር ወይስ ወርዶ? ሴትየዋ ይስቁ ነበር ወይስ ይጸልዩ? ሁለቱንም ሲያደርጉ ካያችሁ፣ ሁለቱንም ንገሩኝ፤ እኔ አምናችኋለሁ።